ኮች ሁሉ አሰልጣኝ አይደለም

እህትህ ከአሜሪካ የቆረጠችልህ የአውሮፕላን ቲኬት ላይ «ኮች» የሚል አይተህ «የጂሙ ኮች እዚህ ምን ይሠራል?» ብለህ ጠይቀሃል። አይዞህ፣ እኔም ተሸውጃለሁ።

አዳማ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ስሠራ ነው። ከእንግሊዝ የሚመጡ 18 እንግዶች «ባይ ኮች እንመጣለን» ብለው ጻፉ። እኔ ሆዬ «ከአሰልጣኛችን ጋር» ያሉ መሰለኝ። 19ኛ ክፍል ያዝኩ፤ ያውም ባለ በረንዳውን። ማታ ትልቅ አውቶብስ በሩ ላይ ቆመና ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ወረዱ። ቁልፉን ይዤ «ኮቹስ?» ስል አንዲት እናት ወደ አውቶብሱ ጠቆሙኝ። ሄጄ ለሾፌሩ ሰጠሁት። እሱም ምን ገዶት፣ በረንዳው ላይ ቡናውን ሲጠጣ አመሸ።

ለካ እንግሊዞች ኮች የሚሉት አገር አቋራጩን አውቶብስ ነው። የከተማውን ግን ባስ ነው የሚሉት። አሜሪካኖች ደግሞ የአውሮፕላንና የባቡር ርካሹን ወንበር ኮች ይሉታል። ያንተም ቲኬት ይሄው ነው፤ ኢኮኖሚ ማለት ነው። የባቡር የመንገደኛ ፉርጎም ኮች ይባላል።

ሥሩ ሃንጋሪ ነው። እዚያ ኮች የምትባል መንደር አለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በምትሠራው ምቹ ጋሪ ታወቀች፤ ስሟም የጋሪው ስም ሆኖ ቀረ። የህንዱ ኩባንያ ስም ባለ ሦስት እግሯን ባጃጅ አስብሏት የለ? እንደዚያ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ ገባ። (እኛ «ኮች» ስንል ከእንግሊዞቹ ይልቅ ለመንደሯ አጠራር እንቀርባለን።)

አሰልጣኙ የመጣው በጣም ቆይቶ ነው። በ1830 አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ፈተና የሚያሳልፋቸውን አስጠኚ በቀልድ ኮች አሉት። ሰነፉን ተማሪ እንደ ጋሪ ተሸክሞ ያሻግረዋላ! የስፖርቱ ኮች በ1860ዎቹ ተከተለ። እኔ ግን ቃሉ ከሜዳ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

የኛን የአዳማ ፈረስ ጋሪ ግን ኮች እንዳትላት፤ እሷ ካርት ናት። ኮች ጣሪያና በር ያለው፣ አራት ጎማ ያለው፣ ሰረገላ የምንለው ነው።

ቲኬቱ ላይ ሌላ ያልገባህ ካለ ፎቶ አንሥተህ ላክ። ስምህንና የቲኬት ቁጥሩን ሸፍነህ ታዲያ።