ቫዞ፣ ፏፏቴ፣ የሲሚንቶ አንበሳ፦ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

12 ዓመት የሲሚንቶ ቫዞ ሠርቼ ሸጫለሁ። ፏፏቴም ገጥሜያለሁ፤ የገጠምኩትን ነቅዬም አውቃለሁ። የግቢ ጌጥ ልትገዙ ስትዞሩ ግራ የገባችሁን ወዲህ በሉ።

ቫዞ ስመርጥ መጀመሪያ ምኑን ልይ?
ቂጡን። አትሳቂ እህቴ፣ ገልብጠሽ እዪው። ቀዳዳ ከሌለው ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩ ይበሰብሳል። ሻጩ «ከሥር ጠጠር አድርጊበት» ይልሻል። ጠጠር መውጫ አይሆንም፤ የረጠበውን አፈር ወደ ተክሉ ሥር ያስጠጋል እንጂ። እዚያው ሱቁ በር ላይ ያስበሱልሽ። ቢሰነጠቅ ኪሳራው የእነሱ ነው።

ጋሼ፣ አዲስ የሲሚንቶ ቫዞ ላይ የተከልኩት ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ።
አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል። ውሃ ሙላበት፣ አሳድረህ ድፋው፣ ድገመው። እኔ ሁለት ሳምንት እንዲህ ሳላደርግ አልተክልበትም።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ትልቅ ቫዞ ይቻላል?
ወርዱም ቁመቱም 50 ሳንቲ የሆነ ቫዞ 100 ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። ሲርስ ከኩንታል ተኩል ያልፋል፣ ያውም ቫዞው ሳይቆጠር። ሦስቱን ደርድረህ አስበው። ቀላል የፕላስቲክ ወይም የፋይበር ውሰድ።

ድሬዳዋ ነኝ። ለግቢዬ ትንሽ ፏፏቴ እያየሁ ነው፤ መብራት ይበላል?
መብራቱ አያስፈራህ። 40 ዋት ፓምፕ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የሚያታልለው ካርቶኑ ነው። «2 ሜትር» የሚለው ውሃው ጨርሶ መፍሰሱን የሚያቆምበት ከፍታ ነው። ፏፏቴህ ሜትር ተኩል ከሆነ 3 ሜትር የሚለውን ግዛ። ሌላው ነገር፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው ይተኛል። ሰው ባጠራቀመው ውሃ የሚራባው የወባ ትንኝ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ተገኝቷል፤ ያንተም ከተማ ገብቷል። ፓምፑ ከቆመ ውሃውን ድፋና ገንዳውን ፈትግ። ይህ የሚሰለችህ ከሆነ ፏፏቴ ይቅርብህ።

በሬ ላይ ሁለት አንበሳ ላቆም ነው። ጄሶ ይሁን ሲሚንቶ?
ውጭ ከሆነ ሲሚንቶ። ቀለም ስለሚቀቡት አይለይም፤ ከሥሩ ያልተቀባውን በጥፍርህ ጫረው። ከተጫረ ጄሶ ነው፣ አንድ ክረምት አይከርምልህም። ስለ መልኩ ከጠየቅከኝ ደግሞ፣ ብሔራዊ ቴያትር ፊት ለፊት ያለውን፣ ቀራፂው ሞሪስ ካልካ የሠራውን አንበሳ ሄደህ እየው። ጋማው እንኳ በጥቂት መስመር ነው የተሠራው። ከዚያ በኋላ ወርቅ የተቀባ፣ ጥርሱን ያገጠጠ አንበሳ ከገዛህ የራስህ ጉዳይ ነው።

ቨርጂኒያ ነኝ። ከቀጨኔ ያስመጣሁት ገንቦ በረንዳ ላይ አድሮ ተሰነጠቀ።
ብርዱ ነው እታለም። የቀጨኔ እናቶች ሸክላውን የሚተኩሱት በእሳት ክምር ስለሆነ ውሃ ይመጥጣል። የመጠጠው ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋና ይፈነቅለዋል። ከኅዳር ጀምሮ ቤት አስገቢው።

የእናቴ የድሮ እንስራ አለኝ። አበባ ልተክልበት ልብሳው?
አይ! እሱን እንዳትነኪው። ትንሽ የፕላስቲክ ቫዞ ውስጡ ክተቺበት፤ ውሃ ስታጠጪ አውጥተሽ፣ ሲንጠፈጠፍ መልሺው።