ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ "ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 13 ሰዓት ነው" ይላል። ሌላው "አጎቴ ከ16 ሰዓት በላይ ነው የፈጀበት" ይላል። ሁለቱም ስልካቸውን ከፍተው ይሟገታሉ። ጡረታ እስክወጣ መሬት ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከርቀቱ እንጀምር። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብታገናኙ፣ መስመሩ ሰሐራን ሰንጥቆ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ይወጣል። አሁን ክር ፈልጉና ሉል ላይ ወጥሩት። ክሩ ወደ ሰሜን ይሸሻል። በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ደቡብ ስፔንን ነክቶ አትላንቲክን ያቋርጣል። አጭሩ መንገድ ይሄ ነው፤ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር። እባካችሁ አንዴ በእጃችሁ ሞክሩት። ስልክ የሚነግራችሁ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያኔ ይገባችኋል።

ትልቅ ጀት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ስታካፍሉት 13 ሰዓት ግድም ይመጣል። ከዋሽንግተን ወደ እኛ ሲመጣ እውነትም እዚያው አካባቢ ነው። ሲሄድ ግን ይረዝማል። አንደኛ፣ ከላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። መጪውን ይገፋዋል፣ ሂያጁን ይጋፋዋል። ሁለተኛው ምክንያት እኛው ጋ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ነዳጁንም ጢም አድርጎ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም።

የቅርቡም መንገድ እንዲሁ ነው። ከቦሌ ሐዋሳ በአየር 210 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ በመኪና 275። በ900 ብታካፍሉት 14 ደቂቃ ይላችኋል። በ14 ደቂቃ የደረሰ ሰው ግን የለም። መንደርደር አለ፣ መውጣት አለ፣ ዞሮ ማረፍ አለ።

እኔን የጎዳኝ ግን ርቀቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ ትኬቷ መነሻ 11:00፣ መድረሻ 07:00 ይል ነበር። 20 ሰዓት ይመስላል አይደል? ነገር ግን ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነታችን አንዴ 7፣ አንዴ 8 ይሆናል። ያኔ 7 ነበር። ቀንሱት፣ 13 ነው። ይህን ሁሉ በትክክል ሠራሁ። 07:00 የሚለውን ግን በእኛ አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት ብዬ አነበብኩት። ማለዳ ከሐዋሳ ተነሳሁና ቦሌ የደረስኩት ለ7 ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ልጅቷ ያረፈችው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ያህል ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም። "ጋሼ፣ ራበኝ" ብቻ አለችኝ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ዘንድሮም በነሐሴ ትመጣለች። ግድግዳዬ ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጽፌያለሁ፣ የፈረንጁንም የእኛንም። ዋዜማውን አዲስ አበባ አድራለሁ።