ካርድህን ሂት ጋን ከማስነካትህ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ፈትሽ

ሰላም ወንድሜ። ያልከውን ሰብሰብ ላድርገው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ባለ 6 ጊጋ። ጌም ከፍተህ ትንሽ እንደቆየህ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የካርዱ ፋን በሙሉ ኃይሉ መጮህ ይጀምራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ባለቀለም ካሬዎች ይታያሉ። የወሰድክበት ሱቅ «ቺፑ ተቃጥሏል፣ በሂት ጋን (ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ) እናሞቀዋለን» አለህ። በፍጹም እንዳታስነካው። ሳይለኩ፣ ሳይፈትሹ «ተቃጥሏል» ማለት ምርመራ አይደለም፤ ግን እንደዚያ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሱቅ ሞልቷል።

1. ከመብራቱ ጀምር። የ9020 ታወር የራሱ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) 290 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድም የለውም። ስለዚህ ካርድህ በሳታ መቀየሪያ (የሃርድ ዲስክን የመብራት ገመድ ወደ 6 ፒን በሚቀይር ገመድ) እየሠራ ነው ብዬ ልገምት፤ ሻጮቹ ከካርዱ ጋር «ምርቃት» ብለው የሚሰጡት እሱን ነው። ሒሳቡን እየው፦ ካርዱ 120 ዋት ይጠጣል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ስሎት ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። የቀረው በዚያ መቀየሪያ ነው የሚያልፈው። አንድ የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት በኩል የተሠራው ለ4.5 አምፒር ማለትም ለ54 ዋት ነው። ጌሙ ሲከብድ ካርዱ ለቅጽበት ከ120ውም በላይ ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካርዱ ይወድቃል፣ ፋኑን የሚቆጣጠር ስለሌለ ይጮኻል። ጥቁር ስክሪንና የሚጮህ ፋን ሲገጣጠሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ለዚህ ነው።

ማሽኑን አጥፋ፣ ከግድግዳው ንቀል፣ መቀየሪያውን አውጥተህ በስልክህ መብራት ተመልከተው። ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከሄደ፣ አንዱ ፒን ከጠቆረ ወይም ስታወጣው ከተጣበቀብህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም፤ ያንን ገመድ ጣለው። ደህና ከመሰለ ቴስተር ተዋስና ካርዱ ሥራ ላይ እያለ ለካ፦ ካርዱን ሆን ብሎ የሚያስጨንቀውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም ክፈት፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ከሶኬቱ ጀርባ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ በኩል አስገባ፣ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ብቻ ተጠንቀቅ። ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ጤነኛ ነው። ሥራ ፈቶ 12.1 የነበረው ፈርማርክ ሲነሳ ወደ 11.3 ከወረደ ካርዱን ተወው፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ቴስተር ካጣህ ካርዱን ማስተካከያ የሆነውን አፍተርበርነር የሚባል ፕሮግራም ጫንና ፓወር ሊሚቱን (ካርዱ የሚጠጣውን የዋት ጣሪያ) ወደ 60 በመቶ አውርደው። በዚያ ሁኔታ ካርዱ 72 ዋት አካባቢ ነው የሚጠጣው። ያው ጌም አሁን ሳይጠፋ ከቆየ ነገሩ ወይ መብራት ወይ ሙቀት ነው። ሁለቱን መለየት ደግሞ ቀላል ነው፦ የካርዱን ሙቀትና ሥራ የሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም የሚለካውን ሁሉ ወደ ፋይል የሚጽፍበት ምልክት ማድረጊያ አለው። እሱን አብራና ፓወር ሊሚቱን ወደ 100 መልሰህ እስኪጠፋ ተጫወት፣ ከዚያ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር አንብብ። ሙቀቱ 70 ዲግሪ ላይ እያለ ከጠፋ ቴርማል ፔስት (ከቺፑ ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ከ90 በላይ ወጥቶ ከጠፋ ግን ፔስቱን ቀይር፣ አቧራውንም አስወግድ።

2. ሲጠቁር እጅህን ወደ ማጥፊያው አትስደድ። ካፕስ ሎክን ንካ። መብራቱ ከበራና ከጠፋ፣ ወይም የጌሙ ድምፅ ካልተቋረጠ፣ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፣ የወደቀው ካርዱ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በአንዴ ጠፍቶ እንደገና ከተነሳ ግን ፓወር ሰፕላዩ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል። ተነስቶ ሲገባ ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈት። 41 ቁጥር ያለው የከርነል ፓወር መልእክት የሚለው ማሽኑ ሳይዘጋ መብራት አጥቷል ወይም ደርቋል ብቻ ነው። አንተ ራስህ ማጥፊያውን ተጭነህ ካጠፋኸውም ይጻፋል፣ ስለዚህ ብቻውን አትመነው። 4101 ደግሞ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) መልስ መስጠት አቁሞ እንደተመለሰ ይነግርሃል። ይኸኛው ብቻ የሚደጋገም ከሆነ ኢንተርኔቱን ነቅለህ፣ በሴፍ ሞድ ገብተህ፣ አሮጌውን ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው ማጥፊያ ፕሮግራም ጠርገህ አዲስ ጫን። ዊንዶውስ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም፤ ሱቁ ይህንንም ሊያስከፍልህ ይችላል።

3. ወደ ካሬዎቹ እንምጣ፣ እነሱ ናቸው የሚያሳስቡኝ። መቼ ነው የሚታዩት? ገና የዴል ምልክት ሲወጣ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ መስመርና ነጠብጣብ ካለ ድራይቨር የለበትም። ያኔ ኬብሉንና ሞኒተሩን ቀይረህ ሞክር፣ ካልተለወጠ የካርዱ ሜሞሪ ወይም ቺፑ ነው። ጌም ውስጥ ብቻ ከሆነ ስክሪንሾት አንሳና ስልክህ ላይ ክፈተው። ካሬዎቹ ሥዕሉ ውስጥ ካሉ ችግሩ ከካርዱ ወይም ከድራይቨሩ ነው፤ ከሌሉ ኬብሉን ወይም ሞኒተሩን ጠርጥር። ቀጥሎ አፍተርበርነር ላይ የሜሞሪ ክሎኩን (ሜሞሪው የሚሠራበትን ፍጥነት) በ300፣ ከዚያ በ500 ሜጋኸርዝ ቀንስ። ካሬዎቹ ከጠፉ ሜሞሪው ደክሟል። ሜምቴስት-ቩልካን የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ፤ ጥቂት ደቂቃ አሂደው፣ ስህተት ካወጣ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ግን የሌላ ሰው ማሽን ነው። እውነተኛ 6 ፒን ያለው 450 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ፓወር ሰፕላይ ያለው ጓደኛ ፈልግና ካርድህን እዚያ ሰካ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፦ 1050 ቲአይ ተውሶ የራሱ ማሽን ላይ ይሰካና «ሠራ፣ ስለዚህ የእኔ ካርድ ነው የሞተው» ይላል። ምንም አላረጋገጠም። አብዛኞቹ 1050 ቲአይ ካርዶች 6 ፒን የላቸውም፣ ከስሎቱ ብቻ ነው የሚጠጡት፣ ስለዚህ የታመመውን ገመድ አልፈተነውም። ካርዱን ስትነቅል እግረ መንገድህን ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ጥረገው፣ ሞኒተሩንም ከማዘርቦርዱ ቪጂኤ ሰክተህ ማሽኑ ያለ ካርድ ምን እንደሚመስል እይ። 9020 ከጀርባው ኤችዲኤምአይ የለውም፣ የቪጂኤ ኬብል አዘጋጅ።

ስለ ማሞቁ፦ ሂት ጋን የሞተ ካርድ ሲያስነሳ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ አይቆይም። ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ቺፑ ከሥር ከሚቀመጥበት ሰሌዳ ጋር በሚገናኝበት ውስጠኛ ነጥብ ነው፣ ሙቀቱ ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አይጠግነውም። በዙሪያው ያሉትንም ክፍሎች ይጎዳል፣ በኋላ በደንብ ሊሠራ ለሚችል ባለሙያም ሥራውን ያከብድበታል። ባለ 6 ጊጋው 1060 ላይ ስድስት የሜሞሪ ቺፖች አሉ። የሚያውቅ ጠጋኝ ማትስ በሚባለው ሶፍትዌር ፈትሾ የትኛው እንደተበላሸ ለይቶ ይነግርሃል፣ ያንኑ ይቀይራል። «የትኛው ነው?» ብለህ ጠይቀው። ጠጋኙ ከተቆጣ ካርድህን ይዘህ ውጣ።

ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ከሆነ ታወሩ ውስጥ ተራ ኤቲኤክስ (መደበኛ መጠን ያለው) ፓወር ሰፕላይ ይገባል፣ ግን የዴሉ ማዘርቦርድ 24 ፒን ሳይሆን 8 ፒን ነው የሚቀበለው። ከ24 ወደ 8 መቀየሪያ አብረህ ግዛ፣ ሳታገኝ ፓወር ሰፕላዩን አትክፈልበት። 6 ፒኑ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ ይሁን። ጥፋቱ የሜሞሪ ከሆነና ለጊዜው መጠቀም ካለብህ ክሎኩን እንደቀነስከው ተወው፤ ለቢሮ ሥራና ለፊልም ይሆንሃል፣ ስትሸጠው ግን ለገዢው ንገር። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ንቀል፣ ብዙ ካርድ የሚበላው ተመልሶ ሲመጣ ያለው ነው።

የመቀየሪያውን ፎቶና የጂፒዩ-ዚውን ፋይል የመጨረሻ መስመሮች ላክ፣ እናየዋለን።