ሜዲሲን ለደረሳችሁ፦ ስለ መጀመሪያው ዓመት የጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሜዲሲን እየተማርኩ ነው፤ አሁን ዋርድ፣ ማለትም ሕሙማን የሚተኙበት የሆስፒታል ክፍል ገብቻለሁ። ዘንድሮ የደረሳቸው ልጆችና ወላጆች ብዙ ስለጠየቁኝ አንድ ላይ ልመልስ።

እህቴ፣ የመጀመሪያ ዓመት የሚባለው ፍሬሽማን ነው ወይስ ፒሲ ዋን?

እኔ የማወራው ስለ ፒሲ ዋን ነው፤ ፕሪክሊኒካል አንድ ማለት ነው፣ ዋርድ ከመግባት በፊት ያለው የሜዲሲን የመጀመሪያ ዓመት። ፍሬሽማን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ፣ ሌላውም ተማሪ የሚማረው የጋራ ዓመት ነው። ሜዲሲኑ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። አናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች)፣ ፊዚዮሎጂ (ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ) እና ባዮኬሚስትሪ (የሰውነት ኬሚስትሪ) ዋናዎቹ ናቸው። ፓቶሎጂ (ስለ በሽታ) እና ፋርማኮሎጂ (ስለ መድኃኒት) በኋላ ይመጣሉ፤ ካሁኑ አትጨነቁባቸው።

ማትሪክ ጥሩ አምጥቻለሁ። እውነት እንደሚወራው ይከብዳል?

አንዱን ርዕስ ብቻውን ብታየው አይከብድም። የሚከብደው ብዛቱ ነው። እኔም እንዳንተ ማትሪክ ጥሩ ነበርኩ። እንደለመድኩት ፈተና ሲደርስ ልቸክል ብዬ ተውኩት። የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወደቅኩ። ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴ እንኳ ስልክ አላነሳሁም። መጨረሻ ላይ ለዶርም ጓደኛዬ ስነግራት እሷም ወድቃ ኖሯል። ከዚያ ማታ ጀምሮ አብረን አጠናን፣ አለፍን። ስለዚህ አደራ፣ ብቻህን አትሁን። የዕለቱን በዕለቱ አንብብ፤ ያነበብከውን ደግሞ ለሌላ ሰው አስረዳ። ስታስረዳ የምትደናቀፍበት ቦታ፣ እሱ ነው ያልገባህ።

አናቶሚ ሸምድጄ አልዘልቀውም። ምን ላድርግ?

በእጅሽ እየነካሽ አጥኚ። አጥንት ብቻ 206 ነው፤ በንባብ ብቻ አይያዝም። ላብራቶሪ ስትገቢ ለምሳሌ የጭን አጥንቱን፣ ፌመርን አንሺ። ድቡልቡሉ የአጥንቱ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ከኋላው ሻካራ መስመር አለ፣ ሊኒያ አስፔራ ይባላል፤ እሱን ወደ ራስሽ አዙሪው። አሁን ድቡልቡሉ ወደ ግራሽ ካየ አጥንቱ የቀኝ እግር ነው፤ ምክንያቱም ድቡልቡሉ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ዳሌው፣ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው። ይህን አንዴ በእጅሽ ካደረግሽው አትረሺውም። ነርቭና የደም ሥር ደግሞ ሳዪ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፤ ከባዶ ወረቀት ተነስተሽ ደጋግመሽ ሳዪው።

አስከሬን እፈራለሁ...

ብዙዎቻችን ፈርተናል። መጀመሪያ የሚይዝህ ፎርማሊኑ፣ አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ኬሚካል ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። ቁርስ በልተህ ግባ። ካዞረህ ውጣና ተቀመጥ፤ ነውር የለውም። በሳምንት ሁለት ሳምንት ትለምደዋለህ። ግን አደራ፣ ፎቶ እንዳታነሳ፣ እንዳትቀልድ። የሰው ልጅ ነበር።

ልጄ፣ ሴት ልጄ ወደ እናንተ ልትመጣ ነው። ምን ልግዛላት?

እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ነጭ ጋውን ይበቃል። የልብ ማዳመጫው ዋርድ እስክትገባ ይቆይ፣ ገንዘብዎን አይጨርሱ። ባሕር ዳር ወባ ስላለ አጎበር አይርሱ። በሶና ዳቦ ቆሎ ከላኩላት ደግሞ ዶርሙ ሁሉ ይመርቅዎታል።

ጣና ዳር ማጥናት ይቻላል?

ይቻላል፤ በተለይ ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ደብተሩን ትተሽ ሂጂ፣ ዓሣ ብዪ፣ ንፋስ ተቀበዪ። ውሃው ውስጥ ብቻ አትግቢ። ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በደህናው ቆዳ በኩል ይገባል።

ገጠር ነው የተማርኩት፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። እችለዋለሁ?

ትችላለህ። የሕክምናው ቃል ለከተማውም ልጅ አዲስ ነው፤ አብዛኛው ከላቲንና ከግሪክ የመጣ ነው። ሥሩን ያዝ፦ ካርዲዮ ልብ፣ ሄፓቶ ጉበት፣ ኔፍሮ ኩላሊት፣ መጨረሻው አይቲስ ከሆነ መቆጣት። ሄፓታይቲስ ሲሉህ የጉበት መቆጣት መሆኑን ራስህ ትደርስበታለህ። ደግሞ ዋርድ ስትደርስ ያንተ አማርኛ ነው የሚፈለገው። አንዲት እናት ከገጠር መጥተው "ልቤን ያቃጥለኛል" ብለው እጃቸውን ከደረታቸው በታች ያሳርፋሉ። ልብ ያሉት ጨጓራቸውን ሊሆን እንደሚችል አንተ ታውቃለህ፤ እናትህ ስትለው ሰምተህ አድገሃል።