ወደ ጃፓን ለምትሄዱ ልጆቼ፦ ስለ ቁርስ

ልጆቼ፣

ጃፓን መማሬን የሰማችሁ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ስኮላርሺፑ ትጠይቁኛላችሁ። ስለ ቁርስ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ሳልጠየቅ ልናገር።

ሰንዳይ ከተማ ምህንድስና ስማር የመጀመሪያውን ዓመት በዳቦና በሻይ ነው የገፋሁት። የጃፓን ቁርስ የትልልቅ ሆቴሎች ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ማትሱያ፣ ሱኪያ፣ ዮሺኖያ የሚባሉት ምግብ ቤቶች ብዙ ቅርንጫፍ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ሩዝ፣ የሚሶ (ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ሊጥ) ሾርባ፣ እንቁላል ወይም የተጠበሰ ሳልሞን በተማሪ አቅም ይበላባቸዋል።

ዋናው ግን ቤት የሚሠራው ነው። እኔን ያስተማሩኝ በሁለተኛው ዓመት ቤት ያከራዩኝ እናት ናቸው። ኮምቡ የሚባለውን የባሕር ቅጠል ማታ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ጠዋት ያሞቁትና ሊፈላ ሲል ያወጡታል። ከዚያ ካትሱኦቡሺ፣ ማለትም ደርቆ በስሱ የተላገ ዓሣ፣ ጨምረው ያጠሉታል። ይህ ዳሺ፣ ማለትም የሚሶ ሾርባው መሠረት የሆነው ውሃ፣ ነው። ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ፣ እና ሽንኩርት ይገባበታል። ሚሶው የሚሟሟው መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ከፈላ መዓዛው ይሄዳል። ስቸኩል እጄን ይዘው ያቆሙኝ ነበር።

የምትጾሙ ልጆች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቶፉና ቅጠል ብቻ ስላያችሁ የጾም ነው እንዳትሉ። ውሃው ራሱ የዓሣ ነው። እኔ አንድ ሙሉ ዐቢይ ጾም ሳላውቅ ጠጥቼዋለሁ። ሳውቅ በጣም አዘንኩ። ለእኚያ እናት ነገርኳቸው። በማግስቱ ዓሣውን ትተው በኮምቡና በደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ብቻ ሠሩልኝ። ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ አትፈሩ፣ ጠይቁ፣ ንገሩ።

ናቶንም አትሽሹት። የተብላላ አኩሪ አተር ነው። ይሸታል፣ እንደ ሙጫም ይሳባል። ስልጆ በሰናፍጭ እየበላ ላደገ ሰው ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ከናቶው እሽግ ውስጥም ብዙ ጊዜ ትንሽ ሰናፍጭ አትጠፋም። አብሮት የሚመጣው ስጎ ዓሣ ሊኖርበት ስለሚችል በጾም በተራ የአኩሪ አተር ሶስ ተኩት።

እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ከምትገዟቸው ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ይሁን። ማርች ላይ ተመርቀው የሚወጡ ተማሪዎችን ጠይቁ፣ በርካሽ ይለቁላችኋል። ማታ ሩዙን አጥባችሁ፣ ውሃውን ለክታችሁ፣ ሰዓቱን ሞልታችሁ ተኙ። ስትነቁ ደርሶ ይጠብቃችኋል።