ለትልልቅና ተናካሽ ዓሦች ገንዳ ስትመርጥ ከሊትሩ በፊት ወለሉን ለካ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 40፣ ከፍታው 50 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ አለህ። ውስጡ 8 ሳንቲሜትር ገደማ የደረሱ ሁለት ኦስካሮች፣ አንድ ጃክ ዴምፕሲና አንድ ሬድ ዴቪል አሉ። መናከስ ስለጀመሩ 120 በ50 በ60 ወደሆነ ገንዳ ልታዛውራቸው አስበሃል፤ ሻጩም ዕድሜ ልካቸውን ይበቃቸዋል ብሎሃል። አይበቃቸውም። ሁለት ወር ፋታ ይሰጥህና ያው ጠብ በትልቅ አካል ተመልሶ ይመጣል።

ስሌቱ መጀመር ያለበት ዓሣው ዛሬ ካለው ቁመት ሳይሆን አድጎ ከሚደርስበት ነው። ኦስካር ከ30 እስከ 35 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሬድ ዴቪልም 35 ገደማ ይደርሳል፤ ጃክ ዴምፕሲ ከ20 እስከ 25 ነው። በደንብ የተመገበ ኦስካር በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ስለሚጨምር፣ «ሲያድግ እቀይራለሁ» የሚባለው ጊዜ ከታሰበው ቀድሞ ይደርሳል። «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚለውን ወሬ ደግሞ እባክህ አትስማ። በጠባብ ቦታ እድገቱ የሚገታው ቆሻሻው በተጠራቀመበት ውሃ ስለሚጎዳ ነው፤ አከርካሪው ይጣመማል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ገንዳ ሲገዛ ሊትር ይጠይቃል፤ እነዚህ ዓሦች ግን የሚጣሉት ስለ ወለል ነው። ሲክሊድ (ያንተ ዓሦች ሁሉ የሚመደቡበት የዓሣ ቤተሰብ) ድንበሩን የሚያሰምረው አሸዋው ላይ፣ ድንጋዩ ዙሪያ ነው። 180 በ60 በ60 የሆነ ገንዳ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 648 ሊትር ይመጣል። 120 በ60 በ90 የሆነውንም አስላው፤ እሱም 648 ነው። ወለላቸው ግን አንደኛው 10,800፣ ሌላኛው 7,200 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ረጅሙ ገንዳ ለተባረረው ዓሣ 60 ሳንቲሜትር ተጨማሪ መሸሻ ሲሰጥ፣ ከፍ ያለው ለዓይን ከማማሩ በቀር ለጠቡ የሚያደርገው ነገር የለም። በዚያ ላይ የውሃ ግፊት የሚጨምረው በከፍታ ስለሆነ ወፈር ያለ መስታወት ይፈልጋል፣ ለማጽዳትም እጅህ ወለሉ ላይ አይደርስም።

ስፋቱንም አደራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 35 ሳንቲሜትር የሆነ ዓሣ 40 ስፋት ባለው ገንዳ ሲዞር አፍንጫውና ጅራቱ መስታወት ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም። ለዚህ መጠን 60 ሳንቲሜትር ስፋት መነሻ ነው እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ሻጩ ያሳየህ 120 በ50 በ60 ለአንድ ኦስካር ብቻውን ይሆናል። ለሁለት ኦስካሮች 150 በ60 በ60፣ ጃክ ዴምፕሲው ሲጨመር 180 በ60 በ60 ያዝ። ሬድ ዴቪሉን ከእነሱ ጋር አታስበው። ጎልማሳ ሲሆን በቤት ውስጥ በሚገኝ መጠን ገንዳ ጎረቤት አይታገስም፤ የራሱን 120 በ60 በ60 ስጠውና ብቻውን ይንገሥ። ሁለቱ ኦስካሮች ወንድና ሴት ሆነው ከተጣመሩ እንቁላል በጣሉ ቁጥር ግማሹን ገንዳ እንደሚዘጉት ከወዲሁ እወቅ፤ ያኔ ጃክ ዴምፕሲው መሄጃ የሚኖረው ርዝመቱ 180 ከሆነ ብቻ ነው። ወደፊት ጃጓር ወይም ፓኩ የሚባሉት ዓሦች የሚያምሩህ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል፤ ጃጓር 40 ሳንቲሜትርን ሲያልፍ ፓኩ ከ60 በላይ ይሄዳል።

መስታወቱ ለ60 ከፍታ 12 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከላይ ዙሪያውን ማጠናከሪያ ቁራጭ መስታወት ይለጠፍበት። ማጠናከሪያ ከሌለው 15 ሚሊሜትር ይሻላል። መስታወቶቹን የሚያጣብቀውን የሲልከን መስመር በመብራት እያየህ ፈትሽ፤ የአየር አረፋ ያለበትን አትቀበል። ክብደቱን ብዙዎች ይንቁታል፦ የ180ው ገንዳ መስታወቱ ብቻ 120 ኪሎ ገደማ ነው፤ ውሃው፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና መቆሚያው ሲደመሩ 800 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ፎቅ ላይ የምትኖር ከሆነ የወለሉን አቅም የሕንፃውን አሠራር የሚያውቅ ባለሙያ ይይልህ። መቆሚያውን በአራቱም አቅጣጫ በውሃ ልክ አስተካክል፤ ወጣ ገባ ከሆነ ጭነቱ አንድ ጥግ ላይ ያርፍና መስታወቱ ከወራት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። የታችኛው መስታወት በቀጥታ መቆሚያው ላይ የሚያርፍ ከሆነ ከሥሩ ፎም አንጥፍ። ዙሪያውን የፕላስቲክ ፍሬም ላለው ገንዳ ግን ፎም አይደረግም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ፍሬሙ ነውና።

ማጣሪያው ላይ አትሰስት። ዓሣ ቁመቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ሦስት እጥፍ አይደለም፣ 27 እጥፍ ገደማ ነው፤ የሚበላውና የሚያወጣውም ከክብደቱ ጋር ይጨምራል። የ10 ሳንቲሜትር ኦስካርን ውሃ ያጠራ ማጣሪያ የ30ውን የማይችለው ለዚህ ነው። 648 ሊትር የተባለው ገንዳ የመስታወቱ ውፍረት፣ አሸዋውና ከላይ ባዶ የሚተወው ሲቀነስ የሚይዘው ውሃ ከ530 ሊትር አይበልጥም (መድኃኒት ስትጨምርም በዚህ አስላ)። ይህን በሰዓት 8 ጊዜ ለማዞር 4,200 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍሰት ማጣሪያው ባዶ ሆኖ የተለካ ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 2,500 የሚሉ ሁለት ካኒስተሮች (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጡ ዝግ ማጣሪያዎች) ግዛ። ሁለት መሆናቸው ሌላም ጥቅም አለው፤ በየተራ ስለምታጸዳቸው ማጣሪያው ውስጥ የሚኖረው ቆሻሻ አፍራሽ ጠቃሚ ባክቴሪያ አንድ ላይ አያልቅም፣ አንዱ ቢቆምም ዓሦቹ አይታፈኑም። ይህም ሆኖ በሳምንት ከ30 እስከ 50 በመቶ ውሃ መቀየር አይቀርም። ከዓሦቹ ቆሻሻ ከሚመጡት ውስጥ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች፣ ቢቻል 20 አካባቢ ይሁን።

እነዚህ ዓሦች ዕቃ ይሰብራሉ። ማሞቂያውን በፕላስቲክ መከለያ ሸፍነው፣ ወይም ከገንዳው ውጭ በቧንቧው ላይ የሚገጠመውን ምረጥ። ከአንድ 600 ዋት ሁለት ባለ 300 ይሻላል፤ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ውሃው ቶሎ አይቀቀልም። ሙቀቱን 26 ዲግሪ ላይ ያዘው። ድንጋዩን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አስቀምጥና አሸዋውን ዙሪያውን አፍስስ። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩን ሲቆፍሩት ይንሸራተትና መስታወቱን ይመታል። ክዳኑ ከባድ ወይም የሚቆለፍ ይሁን፤ ኦስካር ሲደነግጥ ይዘልላል። ድንጋይና ግንዱን ስታቆም አንዱ ጫፍ ላይ ያለው ዓሣ ሌላኛውን ጫፍ እንዳያይ አድርግ፤ ካልተያዩ የማባረሩ ግማሽ ይቀራል።

አዲሱ ገንዳ እስኪደርስ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሬድ ዴቪሉን ዛሬውኑ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ መከፋፈያ ለይ፤ ውሃ ያሳልፍ እንጂ ጥርስ እንዳያሳልፍ። አንዱ ዓሣ ላይኛው ጥግ ተጠግቶ፣ ክንፉን አጥፎ፣ ምግብ ሲመጣ ካልወረደ እየተደበደበ ስለሆነ እሱንም ለይተህ አውጣ። ውሃውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀይር። አዲሱ ገንዳ ሲቆም የአሮጌውን ማጣሪያ ስፖንጅ ግማሹን (ሌላው ግማሽ ለሬድ ዴቪሉ እዚያው ይቅር) በቧንቧ ውሃ ሳታጥብ ከአዲሶቹ ማጣሪያዎች አጠገብ ለ4 ሳምንት አሠራው፤ ከዓሦቹ ጋር ሄዶ እዚያው ይሥራ። ስታዛውራቸው መብራት አጥፍተህ፣ ሁለቱን ኦስካሮችና ጃክ ዴምፕሲውን በአንድ ቀን አስገባ፤ ቀድሞ የገባ ቤቱን ይይዛልና። የ100ው ገንዳ ለሬድ ዴቪሉ ለጥቂት ወራት ይሆናል፣ ከ15 ሳንቲሜትር እንዳለፈ ግን የራሱን 120 በ60 አዘጋጅለት።