መልስ፦ ለ1969 (እ.ኤ.አ.) ሼቭሮሌት ካማሮ መኪና የድሮው 350 ሞተር ይቆይ ወይስ በኤልኤስ3 ሞተር ይቀየር?
ወንድሜ፣ መኪናውን ጎንደር ውስጥ የምትነዳው ከሆነ የድሮውን 350 አትንቀለው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ሁለቱም ሞተሮች ከጉልበታቸው 20 በመቶ ገደማ ያጣሉ። ኤልኤስ3 በኮምፒውተር የሚሠራ አዲስ ሞተር ስለሆነ ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ራሱ ያመጣጥናል፤ በ350ው ሆሌይ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ዕቃ) ግን በእጅህ ትሠራዋለህ። በየ600 ሜትር ከፍታው ጄቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያለውን ቁራጭ) አንድ ቁጥር አሳንስ፤ ለባሕር ወለል ከተስተካከለው ሦስት ቁጥር ያህል ማለት ነው። ካላሳነስክ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚንም ይፈጃል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲወርድ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ አስገባበት፤ እርሳስ በሌለው ቤንዚን የድሮው መቀመጫ ቶሎ ይበላል።

ኤልኤስ3 ካልክ ሞተሩ ብቻ አይበቃም። በ4 ባር ግፊት የሚገፋ የቤንዚን ፓምፕ (ለካርቡራቶር 0.4 ባር ይበቃል)፣ ኮምፒውተር ከነሽቦው፣ ከሻንሲው ጋር የማይጋጭ የዘይት መያዣ ያስፈልግሃል። ሽቦው ላይ አትቆጥብ፤ ብዙው ችግር የሚመጣው ከላላ የኔጌቲቭ ማሰሪያ ነው።